ባስኬትቦል ሪፈረንስ፦ የጨዋታን ፍጥነት ከማጥቃትና ከመከላከል ብቃት ለይቶ የሚያሳይ ድረ ገጽ

አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን በጨዋታ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደሚያስቆጥርና ስንት እንደሚቆጠርበት ለማወቅ ማንኛውም የስፖርት ድረ ገጽ ይበቃል። ብዙ የሚያስቆጥረው ቡድን በእርግጥ ጥሩ አጥቂ ስለመሆኑ፣ ብዙ የሚቆጠርበትም በእርግጥ መከላከል የማይችል ስለመሆኑ ለመፍረድ ግን ቡድኑ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጫወት ማወቅ ግድ ይላል። ባስኬትቦል ሪፈረንስ የተባለውን ድረ ገጽ እዚህ የምገመግመው በዚህ በአንድ ጉዳይ ላይ በሚሰጠው አገልግሎት ብቻ ነው፤ የተጫዋቾች የሕይወት ታሪክ፣ የሽልማትና የምልመላ መዝገቦቹ ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቁ ናቸው።

ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2004 በጀስቲን ኩባትኮ ተጀምሮ ዛሬ ስፖርትስ ሪፈረንስ በተባለው ድርጅት ሥር የሚሠራ ሲሆን፣ ዋናው ክፍል በማስታወቂያ ገቢ ስለሚተዳደር ለተጠቃሚው በነጻ ክፍት ነው። በምሽት በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሚጀመር የኤንቢኤ (የአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ጨዋታ በክረምታቸው ወራት አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚውል በመሆኑ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ተከታታይ አብዛኛውን ጨዋታ የሚያውቀው ጠዋት ተነሥቶ ከሚያነበው የውጤት ሰንጠረዥ ነው። ጨዋታውን በዓይኑ ያላየ ሰው ቁጥሩን በትክክል የማንበብ ግዴታው ከሌላው ይበልጣል፤ ስለዚህ ይህ አገልግሎት ለእኛ ከመዝናኛነት አልፎ የሚያስፈልግ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

በእያንዳንዱ ቡድን ገጽ አናት ላይ፣ ቡድኑ ያሸነፈባቸውና የተሸነፈባቸው ጨዋታዎች ከሰፈሩበት መዝገብ አጠገብ፣ አምስት ቁጥሮች ከነደረጃቸው ተቀምጠዋል፦ በጨዋታ ያስቆጠረው ነጥብ፣ በጨዋታ የተቆጠረበት ነጥብ፣ የጨዋታው ፍጥነት፣ በ100 የማጥቃት ተራ ያስቆጠረው ነጥብ፣ እንዲሁም በ100 የባላጋራ ተራ የተቆጠረበት ነጥብ። የማጥቃት ተራ ማለት አንድ ቡድን ኳሱን ከያዘበት ቅጽበት አንሥቶ፣ አስቆጥሮም ይሁን ተነጥቆ ወይም ስቶ ሪባውንዱን (ሳይገባ የተመለሰውን ኳስ) አጥቶ፣ ለባላጋራው እስኪያስረክብ ድረስ ያለው ነው። የሳተውን ኳስ ራሱ መልሶ ከያዘው ያው ተራ ይቀጥላል እንጂ አዲስ አይቆጠርም። የጨዋታው ፍጥነት ደግሞ በ48 ደቂቃ ውስጥ የሚደርሰው የተራ ብዛት ነው። ሁለቱ ቡድኖች እየተፈራረቁ ስለሚያጠቁ በአንድ ጨዋታ የሚያገኙት ተራ ከሞላ ጎደል እኩል ይሆናል፤ በመሆኑም በፍጥነት የሚጫወት ቡድን ለራሱ በጨመረው ተራ ልክ ለባላጋራውም ይጨምርለታል። በፍጥነት፣ በማጥቃትና በመከላከል መካከል ስላለው ግንኙነት የሚነሣው ክርክር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህች ቀላል ሐቅ ነው።

የ2014-15 የጎልደን ስቴት ዋሪየርስን ገጽ የከፈተ ሰው አምስቱ ቁጥሮች ለምን ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ወዲያው ይገባዋል። ቡድኑ በዚያ የውድድር ዘመን በጨዋታ 110.0 ነጥብ እያስቆጠረ 99.9 ነጥብ ተቆጥሮበታል። በተቆጠረበት ነጥብ ብቻ ከተመዘነ ከ30ዎቹ ቡድኖች መሀል አካባቢ የሚገኝ ተራ ተከላካይ ይመስላል። ፍጥነቱ 98.3 ሆኖ ከሊጉ አንደኛ መሆኑ ሲታይ፣ ከዚያም በ100 ተራ የተቆጠረበት 101.4 ነጥብ ብቻ መሆኑ ሲነበብ ግን፣ ያ መካከለኛ የመሰለው መከላከል ከሊጉ ሁሉ የተሻለው እንደነበር ይገለጣል። ያን ዓመት 67 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደው ቡድን እጅግ ፈጣንም፣ እጅግ ጠንካራ ተከላካይም ነበር። «የሚሮጥ ቡድን መከላከል አይችልም» የሚለው የቆየ አባባል ከዚህ ገጽ ፊት መቆሚያ የለውም።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው የ1990-91 የዴንቨር ነጌትስ ገጽ ሲሆን፣ ለእኔ በድረ ገጹ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትምህርቱ የበዛው ገጽ እርሱ ነው። አሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሎዮላ ሜሪማውንት የተባለውን የዩኒቨርሲቲ ቡድን በጨዋታ 122.4 ነጥብ እንዲያስቆጥር አድርጎ በኮሌጅ ውድድር ክብረ ወሰን ያስመዘገበ፣ ኳስ በተያዘ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መወርወር አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ይህንኑ ስልት ይዞ ወደ ዴንቨር ሲመጣ ቡድኑ በጨዋታ 119.9 ነጥብ በማስቆጠር ከሊጉ አንደኛ ሆነ። የጋዜጣ ሰንጠረዥ ብቻ የሚያነብ ሰው ታላቅ የማጥቃት ኃይል ያየ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የዚያ ቡድን ፍጥነት 113.7 ሲሆን የሊጉ አማካይ 98 ገደማ ነበር፤ በ100 ተራ ያስቆጠረው 105.2 ነጥብ ደግሞ 108 ገደማ ከነበረው የሊጉ አማካይ በታች ነው። ገበያው የደራለት ነጋዴ ሁሉ አትራፊ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ዴንቨርም ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ብዙ ጊዜ ስለሞከረ እንጂ በእያንዳንዱ ሙከራ ስለተሳካለት አልነበረም።

በመከላከል በኩል የነበረው ደግሞ የባሰ ነው። በጨዋታ 130.8 ነጥብ ተቆጥሮበታል፤ በመክፈቻው ጨዋታ በጎልደን ስቴት 162 ለ158 ተሸነፈ፤ በዚያው ኅዳር ወር ፊኒክስ ሰንስ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 107 ነጥብ አስቆጥሮበት ጨዋታውን 173 ለ143 አጠናቀቀ። እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የፍጥነቱ ጥፋት ነው» ለማለት የሚፈልግ ሰው በ100 ተራ የተቆጠረበትን መመልከት አለበት፦ 114.7፣ ከሊጉ የመጨረሻው። ፍጥነቱ ከሂሳቡ ከወጣ በኋላም መከላከሉ ደካማ ነው ማለት ነው። ሜዳውን ሙሉ እየጫነ የሚከላከል ቡድን ጫናው ሲሰበር ከኋላው ቅርጫቱን ባዶ ያስቀራል፤ ሳይደራጅ ቶሎ የሚወረውር ቡድን ሲስት ደግሞ ተጫዋቾቹ ወደ መከላከል የሚመለሱበትን ጊዜ ራሱ ያሳጥራል። 20 ጨዋታ አሸንፎ በ62ቱ የተሸነፈው ያ ቡድን ለነጠላ ተጫዋቾች ስታትስቲክስም አሳሳች ነበር። ማይክል አዳምስ በዚያ ዓመት በጨዋታ 26.5 ነጥብ አስቆጥሮ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ዋሽንግተን ሲዛወር፣ የሚጫወትበት ደቂቃ ብዙም ሳይለወጥ አማካዩ ወደ 18.1 ወረደ። ድረ ገጹ በተጫዋቾች ገጽ ላይም በ100 ተራ የተሰላ ሰንጠረዥ ስለሚያቀርብ፣ እንዲህ ያለውን ልዩነት ከፍጥነቱ የመጣው የትኛው፣ ከድካም ወይም ከሚና ለውጥ የመጣው የትኛው እንደሆነ በከፊል ለመለየት ያስችላል።

በሁለቱ መካከል የሚውለው የ2004-05ቱ ፊኒክስ ሰንስ ነው። በማይክ ዳንቶኒ አሰልጣኝነትና በስቲቭ ናሽ መሪነት 62 ጨዋታ ያሸነፈው ይህ ቡድን በጨዋታ 103.3 ነጥብ ይቆጠርበት ስለነበር ለብዙ ዓመታት «መከላከል የማያውቅ» ሲባል ኖሯል። በ100 ተራ የተቆጠረበት 107.1 ግን 106.1 ከነበረው የሊጉ አማካይ በአንድ ነጥብ ብቻ የከፋ ነበር። ከመካከለኛ ትንሽ ዝቅ ያለ መከላከል እንጂ ስም የሚያስጠፋ አልነበረም፤ በማጥቃት ደግሞ 114.5 ይዞ አንደኛ ነበር። ፍጥነቱ 95.9 ሆኖ ያን ጊዜ የሊጉ ፈጣን ቡድን መሆኑ ዛሬ ለሚያነበው ሰው ያስገርማል፤ በአሁኑ ዘመን ያ ቁጥር ከዝግተኞቹ ጋር ያስመድበዋል።

ድረ ገጹ ከዚህ ሌላ የሚሰጠው ትልቅ ጥቅም በዘመናት መካከል የሚደረግን ንጽጽር ከስሜት ማዳኑ ነው። የ2003-04ቱ ዲትሮይት ፒስተንስ በጨዋታ 84.3 ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት ዋንጫ ያነሣ ቡድን ነው። ከላይ ካነሣሁት ጎልደን ስቴት ጋር ሲነጻጸር የ15.6 ነጥብ ልዩነት ይታያል፤ አንባቢ ይህን አይቶ ሁለቱን መከላከሎች በአንድ ቀን እንኳ ማንሣት አይገባም ሊል ይችላል። ነገር ግን የዲትሮይት ፍጥነት 87.9 ነበር። በ100 ተራ ሲሰላ 95.4 ለ101.4 ይሆንና ልዩነቱ ወደ 6 ይወርዳል። ከዚያም እያንዳንዱን ከራሱ ዘመን አማካይ ጋር ስናስተያይ፣ ዲትሮይት 102.9 ከነበረው አማካይ 7.5 ነጥብ ሲሻል፣ ጎልደን ስቴት 105.6 ከነበረው 4.2 ነጥብ ይሻላል። እንግዲህ ዲትሮይት በእርግጥም የተሻለ ተከላካይ ነበር፤ ብልጫው ግን 15 ሳይሆን 3 ነጥብ ገደማ ነው፤ የቀረው የዝግታና የዘመን ሥራ ነው። ይህን ሂሳብ ለመሥራት የሚያስፈልጉት ቁጥሮች በሙሉ በሁለት ገጾች ላይ፣ ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

የሊጉን የየዓመቱ አማካይ የሚዘረዝረው ገጽም ለዚሁ ጥያቄ ጠቃሚ ነው። በ1973-74 የሊጉ ፍጥነት 107.8 ሲሆን በ100 ተራ የሚቆጠረው 97.7 ነበር። በሥራ ማቆም ምክንያት ባጠረው የ1998-99 ዘመን ፍጥነቱ ወደ 88.9 ወርዶ የማጥቃት ብቃቱ 102.2 ሆነ። በ2023-24 ፍጥነቱ 98.5፣ ብቃቱ 115.3 ደረሰ። የጨዋታ ፍጥነት በራሱ ማጥቃትን የሚያሻሽል ቢሆን ኖሮ የ1970ዎቹ ዘመን ከሁሉም በላይ ውጤታማ መሆን ነበረበት፤ የሚጎዳ ቢሆን ደግሞ የ1990ዎቹ መጨረሻ ይበልጥ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ለውጡን ያመጡት በ1979-80 የገባው የሦስት ነጥብ መስመርና ቡድኖች ቀስ በቀስ እርሱን መጠቀም መማራቸው፣ ከ2004-05 ጀምሮ ተከላካይ በእጁ አጥቂን እንዳይገፋ የሚከለክለው ሕግ መጥበቁ፣ የመወርወሪያ ቦታ ምርጫም መሻሻሉ ናቸው።

እስካሁን ያመሰገንሁት አገልግሎት ግን ጉዳዩ ይበልጥ የሚስብ በሚሆንበት ቦታ ላይ ይቆማል። የፍጥነቱ ቁጥር የሁለቱ ቡድኖች የጋራ ውጤት ነው፤ ማን እንዳፋጠነው፣ ማን እንዳዘገየው አይናገርም። አንድ ቡድን ራሱ በ11 ሰከንድ እየወረወረ በጠንካራ መከላከሉ ባላጋራውን እስከ 18 ሰከንድ ቢያስጨንቅ፣ ሌላው ደግሞ ራሱ 18 ሰከንድ እየፈጀ በልቅ መከላከሉ በ11 ሰከንድ ቢቆጠርበት፣ በሰንጠረዡ ላይ የሁለቱ ፍጥነት አንድ ነው። የመጀመሪያው ቡድን ዋንጫ ለመውሰድ የሚታሰብ፣ ሁለተኛው አሰልጣኙን የሚያባርር ሊሆን ይችላል። የአጠቃላይ ስታትስቲክሱ ሰንጠረዥ የእያንዳንዱ ተራ ርዝመት በማጥቃትና በመከላከል ተለይቶ የሚታይበት ዓምድ የለውም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው እላለሁ።

ጉድለቱ የሚያስቆጨው ማጥቃትና መከላከል እርስ በርስ የሚመጋገቡት በዚሁ በተራ ርዝመት በኩል በመሆኑ ነው። ኳስ የነጠቀ ወይም የተሳተ ኳስ ሪባውንድ የያዘ ቡድን ገና ካልተደራጀ መከላከል ጋር ይገጥማል፤ በቀላሉም፣ በፍጥነትም ያስቆጥራል። ተቆጥሮበት ኳሱን ከመስመር ውጭ ጀምሮ የሚያስገባ ቡድን ግን ባላጋራውን ቦታ ቦታውን ይዞ ያገኘዋል። በመሆኑም ጥሩ መከላከል የራሱን ማጥቃት ያፋጥናል፤ ጥሩ ማጥቃትም፣ ኳሱ ቅርጫት ውስጥ ስለሚገባ፣ የባላጋራውን ማጥቃት ያዘገያል። በተራው መጀመሪያ ላይ የተወረወሩ ኳሶች በአማካይ የተሻለ ነጥብ ማምጣታቸውን አይቶ «እንግዲያው ሁሉንም ቶሎ እንወርውር» የሚል አሰልጣኝ ምክንያቱንና ውጤቱን ገልብጦታል፤ ቶሎ የተወረወሩት የተሻሉት አስቀድሞ ክፍተት ስለተገኘ ነው፤ ክፍተቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመከላከል የተገኘ ነው። ዴንቨር ያን ክፍተት ሳይጠብቅ ፍጥነቱን ብቻ ወሰደ።

ቁጥሩን የሚያዛቡ ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። የሳተውን ኳስ ደጋግሞ መልሶ የሚይዝ ቡድን እያንዳንዱ ተራው ስለሚረዝም፣ ሜዳ ላይ እየሮጠም ቢሆን በሰንጠረዡ ዝግተኛ ሊመስል ይችላል። በተቃራኒው ኳስ ቶሎ ቶሎ የሚነጠቅ ቡድን ተራዎቹ ስለሚያጥሩ ፈጣን ይመስላል። በ2023-24 በፍጥነት ከሊጉ ቀዳሚ የነበሩት ሁለቱ ቡድኖች ዋሽንግተንና ኢንዲያና ናቸው፤ አንዱ 15 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ዓመቱን ሲያጠናቅቅ ሌላው በምሥራቁ ምድብ የፍጻሜ ጨዋታ ላይ ተሰልፏል። ስለዚህ የፍጥነቱን ዓምድ ለብቻው ከማየት ይልቅ፣ በዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ ካሉት የተነጠቁ ኳሶችና የማጥቃት ሪባውንድ መቶኛዎች ጋር አብሮ ማንበብ ይገባል። እነዚህ ዓምዶች መኖራቸው፣ ከላይ ያነሣሁትን ጉድለት ሙሉ በሙሉ ባይሞሉትም፣ ይቀንሱታል።

አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ ድረ ገጹ የተራዎቹን ብዛት የሚያገኘው አንድ በአንድ ቆጥሮ ሳይሆን ከውጤት ሰንጠረዡ ገምቶ ነው። ኤንቢኤ በራሱ ድረ ገጽ የሚያወጣው ቁጥር ከዚህ በጥቂቱ የሚለየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የ2023-24ቱ ሻምፒዮን ቦስተን ሴልቲክስ በ100 ተራ ያስቆጠረው እዚህ 123.2 ሲሆን በሊጉ ድረ ገጽ 122.2 ተብሎ ሰፍሯል። በደረጃ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ስለሆነ አያሳስብም፤ ከሁለቱ ምንጮች ቁጥር እየቀላቀሉ ማነጻጸር ግን ስሕተት ነው። ከ1973-74 በፊት ላሉት ዘመናት ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የተነጠቁ ኳሶችና የማጥቃት ሪባውንድ ተለይተው ስለማይመዘገቡ፣ ዊልት ቻምበርሌን በጨዋታ 50.4 ነጥብ ላስቆጠረበት የ1961-62 ዘመን የተሰጠው 126.2 ፍጥነት ከሌሎቹ የላላ ግምት ነው። ቢሆንም፣ ያ ዘመን ከዛሬው በብዙ የፈጠነ እንደነበር ለመረዳት ይበቃል፤ የቻምበርሌንንም ቁጥር ከነሙሉ አስደናቂነቱ፣ ግን ከነዘመኑ እንድናነበው ያግዛል።

በነጠላ ተጫዋች ስም የሚቀርበውን የመከላከል መለኪያ ግን አልመክርም። ከቡድኑ ቁጥር ተነሥቶ በሪባውንድ፣ በነጠቃና በመመከት ብዛት የሚከፋፈል ስለሆነ፣ በጥሩ ቡድን ውስጥ ያለ ደካማ ተከላካይን ያስመሰግናል፤ በደካማ ቡድን ውስጥ ያለ ጎበዝን ያሳጣል። ለቡድን የተዘጋጀውን መለኪያ ለቡድን ብቻ መጠቀም ይሻላል።

በአጠቃቀም በኩል፣ ገጾቹ በአብዛኛው ጽሑፍና ሠንጠረዥ በመሆናቸው ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታም ከቪዲዮ ይልቅ በቀላሉ ይከፈታሉ። በስልክ ላይ ሰፋፊዎቹን ሠንጠረዦች ወደ ጎን እየገፉ ማንበብ ያደክማል፤ ማስታወቂያውም ቦታ ይሻማል። ቋንቋው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ የዓምዶቹም ስሞች በምሕጻረ ቃል የተጻፉ ስለሆኑ ለጀማሪ ያስቸግራሉ፤ የቃላት መፍቻ ገጹ ግን ቀመሮቹን ሳይደብቅ በዝርዝር ያስቀምጣል። ስታትሄድ የተባለው የፍለጋ አገልግሎት በክፍያ ነው። ለጸሐፊና ለተመራማሪ ይጠቅማል፤ ለተራ ተከታታይ ግን ነጻው ክፍል ከበቂ በላይ ስለሆነ ገንዘቡን ባያወጣ ይሻላል።

ቀመሩ በግልጽ መቀመጡ በአገራችን የክለብ ወይም የትምህርት ቤት ቡድን ለሚያሠለጥን ሰው ከማንኛውም የኤንቢኤ ሰንጠረዥ የበለጠ ዋጋ አለው፤ ኮምፒዩተር ሳያስፈልገው፣ የጨዋታውን ወረቀት በሚገባ የሚሞላ አንድ ረዳት ቢኖረው ሊሠራበት ይችላልና። በስፋት በሚሠራበት ቀለል ባለው መልኩ፣ የቅርጫት ሙከራዎች ላይ የነጻ ውርወራዎችን ብዛት በ0.44 አባዝቶ መደመር፣ ከዚያ የማጥቃት ሪባውንዶችን መቀነስ፣ በመጨረሻም የተነጠቁትንና የባከኑትን ኳሶች መጨመር ነው። 0.44 የሚባለው ነጻ ውርወራ ሁሉ ተራ ስለማይጨርስ ነው፤ ሁለት የሚወረወርበት ጥፋት አንድ ተራ ብቻ ይፈጃል፤ አስቆጥሮ የተመታ ተጫዋች የሚወረውራት አንዲት ኳስም የራሷ ተራ የላትም። ለምሳሌ 62 ሙከራ፣ 25 ነጻ ውርወራ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድና 15 የባከነ ኳስ ያለው ቡድን 78 ተራ አግኝቷል ማለት ነው፤ 70 ነጥብ አስቆጥሮ ከሆነ በ100 ተራ 89.7 ይደርሳል። የባላጋራውም ቁጥር በዚሁ መንገድ ይሰላል። በዓለም አቀፉ ሕግ የሚደረግ ጨዋታ 40 ደቂቃ በመሆኑ የተገኘው የተራ ብዛት በ48 ደቂቃ ከሚሰላው የኤንቢኤ ፍጥነት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ በ100 ተራ የሚሰላው ነጥብ ግን የጨዋታው ርዝመት አይነካውም።